ሁዳዴ ላይ የደረሰች ቫዮሊን

ከውጭ አገር ሙዚቀኛ ወደ ጎጃም ሊመጣ ሲሰናዳ ጥያቄው ብዙ ነው። መንገዱ እንዴት ነው? ሆቴሉ ጄኔሬተር አለው? የድምፅ መሣሪያ ይገኛል? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። «በዚያ ወር አገሩ ይዘፍናል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ለእኔ ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው። በመጋቢት 2006 ባሕር ዳር ላይ የሆነውን አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሙዚቃ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ጉዞ ላይ ሥራዬ ማስተርጎም፣ ከአዝማሪዎች ጋር ማገናኘትና እንግዳዋን አገር ማሳየት ነበር። የምጽፈው ከውስጥ ሆኜ ያየሁትን ነው። የሰዎቹን ስም ግን አልጠቅስም።

እንግዳዋና ዕቅዱ

እንግዳዋ ከአየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ የመጣች ቫዮሊን ተጫዋች ናት። ያኔ በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ነበረች። የምትጫወተው ክላሲክ አይደለም፤ የአገሯን የሕዝብ ዜማ ነው። እነሱ ዘንድ ቫዮሊን የገጠሩም ሰው መሣሪያ ነው። ማታ ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል። መድረክ የለም። ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት የጓጓችው ስለ አዝማሪ ቤት ሰምታ ነው። የሷ አገር መጠጥ ቤትና የኛ አዝማሪ ቤት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ማየት ፈለገች።

ለምን በመጋቢት? የአየርላንድ ብሔራዊ በዓል የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ነው። በእነሱ ማርች 17፣ በእኛ መጋቢት 8 ይውላል። በዚያ ሰሞን የአየርላንድ ሙዚቀኞች በየአገሩ ይፈለጋሉ። የጉዞዋ ሰሌዳም የተሠራው በዚሁ ዙሪያ ነው። መጋቢት 8 አዲስ አበባ፣ ከዚያ በመኪና ጎጃም፣ መጋቢት 13 ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር። አዘጋጁ ለባሕር ዳር ያሰበው ትልቅ ጭፈራ ነበር። ሁለት ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ እስክስታ፣ በመሀሉ የሷ ቫዮሊን። ትኬት መሸጥ ተጀምሯል። ፖስተሩም ተለጥፏል።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ የገባው የካቲት 17 ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 12። ስለዚህ መጋቢት 13 የደብረ ዘይት ዋዜማ፣ የጾሙ እኩሌታ ላይ ነው። ሰሌዳውን ያወጣው ሰው የአውሮፕላኑን ሰዓት፣ የአዳራሹን ኪራይና የሷን አገር በዓል አይቷል። የሚመጣበትን አገር በዓልና ጾም ግን አላየም።

ሁዳዴ ሲገባ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ጎጃም ውስጥ ሠርግ የለም። ሠርግ ከሌለ ደግሞ አዝማሪ ሥራ የለውም። ብዙ አዝማሪ ቤቶች ይዘጋሉ። አንዳንዱ አዝማሪ ወደ ዘመዶቹ ገጠር ይሄዳል። አንዳንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ማሲንቆውን ይጠግናል፤ ቆዳ ይቀይራል፣ ጭራ ያስራል። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ከበሮዋንና ጸናጽሏን ታስቀምጣለች። የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ የሚዜመው በመቋሚያ ብቻ ነው። ማኅሌት ላይ ያልተነሣ ከበሮ ሆቴል ውስጥ ሲደለቅ ብዙ ሰው ይከፋዋል።

እርግጥ ባሕር ዳር ከተማ ናት። ሌላ ሃይማኖት ያለውም፣ የማይጾመውም ይኖርባታል። በሁዳዴም ሙዚቃ የሚከፍቱ ቤቶች አሉ፤ ማንም ሄዶ አይዘጋቸውም። ስለዚህ ጉዳዩ የክልከላ አልነበረም። ከእሷ ጋር እንዲጫወቱ የተመረጡት ሰዎች መጫወት አለመፈለጋቸው ነው።

ለምሽቱ የታሰቡት አንጋፋ አዝማሪ ዘንድ የሄድኩት ከፖስተሩ በኋላ ነው፤ እኔም ወደ ሥራው የተጠራሁት ያኔ ስለሆነ። ጋሼ በአካባቢው የታወቁ ናቸው። ሠርግ ላይ እሳቸው ካሉ ሰው ከሩቅ ይመጣል። ቡና አስፈልተው አስቀመጡኝ። ነገሩን ነገርኳቸው።

«መቼ አልከኝ?»

«ለደብረ ዘይት ዋዜማ ጋሼ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ከፋሲካ በኋላ ትምጣ፤ እስኪበቃት እጫወትላታለሁ። አሁን ግን ደጅ ወጥቼ አልጫወትም» አሉኝ። አልተቆጡም። ብሩ አነሰም አላሉም። ሌላውም ማሲንቆ መቺ ያው መልስ ሰጠኝ። ከበሮ መቺው ገጠር ገብቷል።

አዘጋጁ ይህን ሲሰማ መፍትሔው ቀላል መስሎት ነበር። ከአዲስ አበባ የባህል ባንድ እናምጣ አለ። «እሷ ፈረንጅ ናት፣ ለእሷ ጾም የለም» አለ። ከዚህ ጋር ፈጽሞ አልተስማማሁም። ለእሷ ጾም ባይኖርም አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ይጾማል። ደግሞም ይህች ሴት ባሕር የተሻገረችው የጎጃምን አዝማሪ ልታገኝ ነው። ጋሼን ቤታቸው አስቀምጦ ከሌላ ቦታ በመጣ ባንድ ማስጨፈር ለእሷም ለእሳቸውም ክብር የለውም።

የስልኩ ንግግር

ገና አዲስ አበባ እያለች ደወልኩላት። ሁሉንም ሳልቀንስ ነገርኳት። ቅር ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ጥያቄ ታበዛ ጀመር። ጾሙ ስንት ቀን ነው? ምን ይበላል? ምንም ዓይነት ዜማ የለም ወይስ የተለየ ዜማ አለ?

ከዚያ ስለ ራሷ አገር ነገረችኝ። የቅዱስ ፓትሪክ ቀን እነሱም ዘንድ ጾም መሀል ነው የሚውለው። ልጅ ሳለች እናቷ ለጾሙ ብላ ጣፋጭ ትከለክላቸው ነበር። በበዓሉ ቀን ብቻ ትፈቅድላቸዋለች። ስለዚህ በጾም ወቅት ምን ይባላል፣ ምን አይባልም የሚለው ነገር ለእሷ እንግዳ አልሆነባትም።

«በጾም የምትሰሙት መሣሪያ የቱ ነው?» አለችኝ።

«በገና» አልኳት።

«እንግዲያው የጭፈራውን ዜማ እተወዋለሁ» አለች። አየርላንዶች ከጭፈራው ሌላ ዝግ ያለ፣ ምት የማይቆጠርለት ዜማ አላቸው። መነሻው በድሮ ቋንቋቸው የሚዘፈን እንጉርጉሮ ነው። ቫዮሊኑ የግጥሙን ቃላት እየተከተለ ይሄዳል። ግጥሙን የማያውቅ ተጫዋች ያንን ዜማ በደንብ መጫወት አይችልም ይላሉ። ከበሮ አይፈልግም፣ ጭብጨባም አይፈልግም። ከበገና ጋር አንድ ምሽት ቢቀርብ ማንንም የሚያስቀይም አይደለም።

አዘጋጁ መጀመሪያ አልወደደውም። ትኬት የገዛ ሰው ብሩ ይመለስለታል ወይ? አዎ፣ ለጠየቀ ሁሉ ይመለስለታል አልን። በገና ደርዳሪ መምህር ተገኙ። ፖስተሩ ተነሥቶ ሌላ ተለጠፈ።

መንገዱና ያየችው አገር

በአውሮፕላን መብረር ትችል ነበር። በመኪና እንድትመጣ የመከርኳት እኔ ነኝ። ጎጃምን በዓባይ በረሃ መግባት የተለየ ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደህ፣ ወንዙን ተሻግረህ፣ ደጀን ላይ ስትወጣ አገር እንደቀየርክ ያስታውቅሃል። ደጀን ላይ ምሳ ልንበላ ወርደን ቫዮሊኗን ከሣጥኑ አወጣች። ከላይ ያለው ብርድ፣ ከታች ያለው ሙቀት ተለዋውጦበት አራቱም ክር ቅኝቱን ስቷል። ሽሮው እስኪመጣ እየቃኘች ቆየች። የምግብ ቤቱ ልጆች ዙሪያዋን ከበው ጆሯቸውን ጣሉ።

ደብረ ማርቆስ፣ የድሮዋ መንቆረር፣ አደርን። ከቀትር በኋላ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። ነጠላ ተከናንባ በሴቶቹ በኩል ቆመች። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን እያዘነበሉ ጾመ ድጓውን ሲሉ ሰማች። ስንወጣ ቶሎ አልተናገረችም። ቆይታ «ከበሮ የለም ስትለኝ ባዶ የሚሆን መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ለምሽቱ ዝግጅት ልብ ሰጠችኝ።

ባሕር ዳር ከደረስን በኋላ ጢስ ዓባይን ማየት ፈለገች። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመጋቢት እንዴት እንደሚሆን አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። ቢሆንም ልያት አለች። ስንደርስ ከሰፊው ገደል በአንድ በኩል ቀጭን ውኃ ይወርዳል። የቀረው ደረቅ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከቦርሳዋ አንድ ብር አወጣች። ያኔ የወረቀቱ አንድ ብር ገና ይሠራ ነበር፤ ጀርባው ላይ ጢስ ዓባይ ሞልቶ ሲወርድ ይታያል። ብሩን በአንድ እጇ ወደ ፏፏቴው ዘርግታ ሁለቱን ስታስተያይ አየኋት።

«ይሄ የት ሄደ?» አለችኝ።

ከፊሉ በጋው ነው። ከፊሉ መብራቱ ነው። በ1956 የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ እዚያው ፏፏቴው ዘንድ ተሠራ። በ1993 ሁለተኛው ተጨመረ። በ2002 ደግሞ የበለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። እሱ ከጣና በስተምዕራብ ውኃውን በዋሻ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። የሄደው ውኃ ወደ ፏፏቴው አይመለስም። መብራት ያስፈልገናል፣ ይህን የሚክድ የለም። ግን የጢስ ዓባይ ልጆች ከቱሪስት በሚያገኙት ነበር የሚማሩት። በበጋ እንግዳ ሲመጣ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚመሩት። ይህ ያሳዝነኛል። በመመለሻችን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ቆምን። አህያ የሚነዱ ገበያተኞች ሲያልፉ ዳር ይዘን አሳለፍናቸው።

ዘጌ ላይ ግን ወሩ አልጎዳንም። ጀልባ ይዘን ሄድን። በቡናው ጫካ ውስጥ ያለችውን ጠባብ መንገድ ወጣን። ከገዳማቱ በአንዱ ግቢ የተሰቀለ የድንጋይ ደወል አለ። ረዣዥም ጠፍጣፋ ድንጋዮች በገመድ ተንጠልጥለዋል። አገልጋዩ በትንሽ ድንጋይ መታ አደረጉት። ድምፁ የብረት ይመስላል፤ ጥርት ያለ ነው። እሷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። አገልጋዩ ሌላውን መቱላት። በሁለቱ ድምፆች መሀል ያለውን ርቀት በአፏ አንጎራጎረች። እሳቸውም ደስ አላቸውና ሦስተኛውን መቱላት። ማስተርጎም አላስፈለገኝም።

(በነገራችን ላይ ከሐይቁ ዳር ቁጭ ብላ የጣናን ዓሣ መብላት በጣም ትፈልግ ነበር። አብረዋት የሚበሉት ሁሉ ጿሚ ስለሆኑ በያይነቱ መረጠች። ማንም አልጠየቃትም።)

ጋሼ ቤት

ጋሼ ደጅ ወጥቼ አልጫወትም ነው ያሉት። ቤቴ አትምጣ አላሉም። ይህን ልዩነት ሳስተውል ሄጄ ጠየቅኳቸው። «መማር ከፈለገች ትምጣ። ማሳየት ሌላ ነው» አሉ።

ጠዋት ጠዋት እየሄድን እስከ ቀትር ድረስ ቁጭ እንል ነበር። ከጠቅላላው ጉዞ እኔ ብዙ የተማርኩት እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ጣት ነው። ቫዮሊን ላይ ክሩን እንጨቱ ድረስ ተጭነህ ነው የምትይዘው። የማሲንቆ ጭራ ግን ከአንገቱ ራቅ ብሎ የተወጠረ ነው። ጣት ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ድረስ አይደርስም። እሷ ለዓመታት የለመደ እጅ አላትና ተጫነችው። ድምፁ ሞተ። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ሞተ። ጋሼ እጇን ያዝ አድርገው «አትጫኚው ልጄ፤ ዳብሺው» አሏት። ቃሉን ከመተርጎሜ በፊት በጣታቸው አሳይተዋት ስለነበር ገባት። ቀስ ብላ ነካችው። የሚያለቅስ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ጋሼ ሳቁ።

ከዚያ ወደ ደጋኑ መጡ። የማሲንቆ ክሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ሲፋተግ እንዳይንሸራተት ዕጣን ያሹታል። የሷ ከጥድ ሙጫ የተሠራ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቁራጭ ነው። ሁለቱ ተለዋወጡ። ጋሼ የሷን ሙጫ አሽተው በማሲንቆው ሞከሩት፤ «ይይዛል፣ ሽታ ግን የለውም» አሉ። እሷ ዕጣኑን ቫዮሊን ደጋኗ ላይ አሸችው። ድምፁ ትንሽ ሻከረባት። ግን አልጠረገችውም። ቤቱ በሙሉ ዕጣን ዕጣን ሸተተ።

ማሲንቆ የወንድ መሣሪያ ሆኖ ነው የቆየው። በአዝማሪ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ይመታል፣ ሴቷ ታዜማለች። የጋሼ ባለቤት ቡና እየቆሉ ነበርና «ሴትም ደጋን ትይዛለች እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አየርላንድ ውስጥ ሴት ቫዮሊን ተጫዋች ብዙ እንደሆነ ነገርኳቸው። ባለቤታቸውን ዞር ብለው አዩ። ጋሼ «እጇ ያውቃል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በማግስቱ ስንመጣ ትንሿ ልጃቸው ከጓዳ ወጥታ ከአጠገባቸው ተቀምጣለች።

በቅኝት፣ ማለትም ዜማው በሚሄድባቸው ድምፆች አሰላለፍ፣ በኩል ትዝታ የሚባለው ቶሎ ገባላት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ብዙ የአየርላንድ ዜማ በእነዚሁ አምስት ድምፆች የሚሄድ ስለሆነ ቤቷ የገባች ያህል ተሰማት። ባቲም አላስቸገራትም። አንቺሆዬ ላይ ግን ተቸገረች። ዶ፣ ሬ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ብዬ ጻፍኩላት። ጻፍኩላት እንጂ የጋሼ ጣት የሚያርፈው ፒያኖው በሚለው ቦታ ላይ ልክ አይደለም። ሬው አንዳንዴ ዝቅ፣ አንዳንዴ ከፍ ይላል፤ እንደ ግጥሙ ነው። ወረቀቱን አስቀምጣ ጆሮዋን ይዛ ቀረች። ጋሼ በጾሙ ምክንያት ዘፈን አልዘፈኑላትም። ቅኝቱን ብቻ አሳዩዋት። አንድ ቀን ግን የንስሐ መዝሙር በማሲንቆ አወጡ። መዝሙረ ዳዊት ራሱ «በበገናና በመሰንቆ አመስግኑት» ይላልና እሱን ከጾሙ ጋር አላጋጩትም።

ምሽቱ

አዳራሹ አልሞላም። ለጭፈራ ትኬት የገዙ ወጣቶች ብራቸውን ወስደው ሄደዋል። በምትኩ ከዚህ በፊት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አይቻቸው የማላውቃቸው ሰዎች መጡ። ነጠላ የለበሱ እናቶች። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች። ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች። ጋሼም መጡ፤ ሊጫወቱ ሳይሆን ሊሰሙ። ከፊት ወንበር አስቀመጥናቸው።

መምህሩ በበገና ጀመሩ። በገና አሥር አውታር አለው። ክሮቹ ብርኩማው (ክሮቹን ደግፎ የሚይዘው እንጨት) ላይ የሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል። ያ የሚያርገፈግፈው ድምፅ ከዚያ የሚመጣ ነው። ማይክሮፎኑን ብንጠቀም ይበላሽ ነበር። ድምፅ ማጉያውን አጠፋነው። ሰው ለመስማት ወንበሩን ይዞ ወደፊት ተጠጋ።

እሷ ስትቀጥል ከእያንዳንዱ ዜማ በፊት ግጥሙ ምን እንደሚል ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሦስተኛው ዜማ ልጇ ባሕር ላይ የሞተባት እናት የምታለቅሰው ነው። በአየርላንድ ድሮ ለቅሶ ቤት እየተጠሩ የሚያለቅሱ ሴቶች ነበሩ። ይህን ስተረጉም ጋሼ ጮክ ብለው «ሙሾ አውራጅ ናታ!» አሉ። አዳራሹ ተንሾካሾከ። ከዚያ ቫዮሊኑ ተነሣ። ከኋላ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አየሁ። በመጨረሻ አልተጨበጨበም ማለት ይቻላል። ሰው ተነሥቶ እጅ ነሣ።

የገንዘቡ ነገር

በገንዘብ በኩል ምሽቱ አላተረፈም። የአዳራሹን ኪራይ ሸፈነ፣ ሌላው ኪሣራ ነው። ይህን መደበቅ አይገባም።

ክርክር የተነሣው በአዝማሪዎቹ ክፍያ ነው። በጀቱ ውስጥ ለማሲንቆ ተጫዋቾች የተያዘ ብር ነበር። አዘጋጁ «አልተጫወቱም፤ ለምን ይከፈላቸዋል?» አለ። መጀመሪያም ቢሆን የያዘላቸው ትንሽ ነበር፤ «ሰው ይሸልማቸዋል» ብሎ። ግንባር ላይ በሚለጠፍ ብር ቤተሰብ ማስተዳደር ምን ማለት እንደሆነ አዝማሪ ያውቀዋል። በሁዳዴ ደግሞ ያም የለም። እሷ በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገባች። «ከእኔ ጋር በየቀኑ እስከ ቀትር ሲደክሙ ነው የሰነበቱት። ማስተማር ሥራ ነው» አለች። ለጋሼ የተያዘው በሙሉ ተከፈለ። ላልመጣው ለሁለተኛው አልተከፈለም፤ እሱም አልጠየቀም።

ከዚህ የወሰድኩት አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ማሲንቆ መስማት የሚፈልግ ሰው በሁዳዴ አይምጣ። ማሲንቆ መማር የሚፈልግ ግን ከሁዳዴ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። አዝማሪው ቤቱ ነው፣ ጊዜ አለው፣ መሣሪያውን ፈትቶ እየጠገነ ነው። ገቢም ያጣበት ወቅት ስለሆነ የትምህርቱ ክፍያ ለቤቱ ይደርሳል። ማንም እንዲህ አድርጎ ሲያቅድ አላየሁም። ቢታቀድ ግን ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ጥቅምት

በጥቅምት 2007 ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ ቀኑ የተቆረጠው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ጋሼን ጠየቅን፣ ቀጥሎ ጀልባውንና መኪናውን፣ በመጨረሻ አዳራሹን። አዳራሹም ሆቴል አልነበረም። አዝማሪ ቤት ነው፤ አግዳሚ ወንበርና ሣር የተጎዘጎዘበት።

ያች በመጋቢት ያልተደረገችው ጭፈራ ተደረገች። የአየርላንዶች ጂግ የሚባለው የጭፈራ ዜማ ስድስት ምት አለው፤ ሦስት ሦስት እየተባለ ይቆጠራል። የኛም ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት በስድስት ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ግን አይደለም። ጂጉ ሁለት ቦታ ይረግጣል፣ ችክችካው በዚያው በስድስቱ ውስጥ በሁለትና በሦስት መሀል ይጫወታል። መጀመሪያ ላይ ተጋጩ። ከበሮ መቺው አንድ ዙር ዝም ብሎ አዳመጣት፣ እግሩን መታ መታ አደረገ፣ ከዚያ ገባ። የሷ ትከሻ ሳታውቀው መነሣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ቤቱን የያዘው አልነበረም።

ጋሼ «ተቀበል!» አሉና ለሌላው አዝማሪ ግጥም ሰጡ፦

አራት ክሯን ወጥራ ባሕሩን ተሻግራ፣
ጎጃም ላይ ታሰረች ባንድ የፈረስ ጭራ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ተረጎምኩላት። ከኪሷ ብር አውጥታ ጋሼ ግንባር ላይ ለጠፈች። ያም ከተነጋገሩበት ክፍያ ውጭ ነው፤ ክፍያው ጠዋት ተሰጥቷል።

ጢስ ዓባይንም ድጋሚ አየች። ከክረምቱ የተረፈው ውኃ ገና ነበር። በደንብ ሲሞላ ስፋቱ ወደ 400 ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ ያን ያህል አልነበረም። ቢሆንም ጢሱ ልብስ ያረጥባል። የመራን ልጅ በመጋቢትም የመራን ልጅ ነው። በዚህ ጊዜ ከፊት ከፊት እየሮጠ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚጽፍልኝ ሙዚቀኛ ሲኖር ከሆቴሉ በፊት ስለ ወሮቹ ነው የምመልስለት። ጥቅምትና የኅዳር መጀመሪያ ጥሩ ናቸው። የጽጌ ጾም ቢኖርም የፈቃድ ስለሆነ አዝማሪ ቤቱ ይሠራል፣ ውኃውም አለ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እስከ ገና ቀዝቀዝ ይላል። የነሐሴ ፍልሰታ ከ1 እስከ 16 ነው፣ ዝናቡም አለ፣ አይመከርም። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለዘፈኑ ግሩም ናቸው፤ ለፏፏቴው ግን አይሆኑም። ጥር ከሁሉም የደመቀ ነው፤ ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ። ነገር ግን በጥር ደህና ማሲንቆ መቺ በሙሉ በሠርግ ይያዛል። ለጥር የሚመጣ ሰው አዝማሪውን ከኅዳር ጀምሮ አናግሮ ቀብድ መክፈል አለበት።